የቢሾፍቱ አየር ምድብ ከጎረቤላ አፋፍ ሲታይ

ጎረቤላ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች የደጋ ከተማ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሸዋ አምባ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ገበሬዋ ገብስና ባቄላ ያመርታል፤ ደመናው ከእግሩ ሥር የሚያልፍበት ቀንም ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በቢሾፍቱ ስለሚገኘው ስለ አገሪቱ ዋና የአየር ኃይል ሰፈር፣ ስለ ሐረር ሜዳ ለመጻፍ ከጎረቤላ መነሣት ለአንዳንድ አንባቢ አራምባና ቆቦ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የአየር ጦር ሰፈር ታሪክ ሁልጊዜ ከማኮብኮቢያው ዳር ብቻ መተረኩ ብዙ አጉድሎብናል ባይ ነኝ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ይጻፋል፤ ሲመለስ ይጻፋል፤ አብራሪው ይሸለማል፣ ካልተመለሰም ይለቀስለታል። በመነሣትና በመመለስ መካከል ከታች የነበረው ሰው ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ስም የለውም።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምስክር ነው። ባለፉት ዘጠና ዓመታት አውሮፕላን በሰው ላይ ሊያደርግ የሚችለውን ክፉም ደግም ይህ አገር አይቷል። ወራሪን አጅቦ መጥቶበታል፤ በረሃብ ዘመን እህል ጥሎለታል፤ ጦር በደጁ ሲቃረብ ተከላክሎለታል፤ በቅርቡ ደግሞ ከክርስትና ድግስ የሚመለስ ሰው ገድሎበታል። ይህን ሁሉ ያየ ሕዝብ ስለ አየር ኃይል የሚናገረው ይኖረዋል።

የጦር መሣሪያ ነገር ለአንኮበር አዲስ አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር በነገሡበት ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሲመጣ ካቀረባቸው ገጸ በረከቶች ንጉሡን ደስ ያሰኟቸው መድፎቹና 300 ጠመንጃዎቹ ነበሩ። አጼ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊትም ሆነ በኋላ የባሕር ማዶ መሣሪያ የሚገባላቸው በዚሁ በአልዩ አምባና በአንኮበር ዳገት ነበር። ጣሊያኖችም ወደ ሸዋ የመጡት በዚሁ በር ነው። ማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የመራው የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን በ1860ዎቹ መጨረሻ ደርሶ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ የጥናት ጣቢያ የሚሆን ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ወፍና አራዊት ሊያጠና የመጣ አገር ከስልሳ ዓመት በኋላ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተመልሶ ይመጣል ብሎ ያን ጊዜ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ኢትዮጵያ አውሮፕላን ያየችው ቀደም ብሎ በወዳጅነት ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ ያበረራት ፖቴዝ 25 አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈች፤ ስሟም ንስረ ተፈሪ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አውሮፕላን ብቻቸውን ያበረሩ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ተነሥቶ መጥቶ አነስተኛዋን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በአዛዥነት ተረከበ። በእጁ የገቡት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ ለውጊያ ያልታጠቁ፣ አብዛኞቹም ያረጁ ነበሩ። ሥራቸው መልእክትና መድኃኒት ማመላለስ ነበር። በወዲያኛው በኩል የቆመው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ተዋጊና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ያሉት ኃይል ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ባሉበት ደሴ ከተማ ተደበደበች። በተከታዮቹ ወራት የመርዝ ጢስ በሠራዊቱም በገበሬውም፣ በከብቱም በወንዙም ላይ ከሰማይ ተረጨ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ወር በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው በዝርዝር የተናገሩት ይህንኑ ነው።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠው የባዶልዮ ሠራዊት ያለፈው በሰሜን ሸዋ ነው። ጣርማበር ላይ መንገዱ ተንዶ ቢቆየውም ጠግኖ በደብረ ብርሃን በኩል አድርጎ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ዋና ከተማዋን ያዘ። ሸዋ ግን አልተያዘም። ኃይለ ማርያም ማሞ በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ አበበ አረጋይ በመንዝ፣ በአንኮበርና በመርሐ ቤቴ ገደላ ገደል ጠላትን እረፍት ነሱት። አርበኛው ቀን ከዋሻና ከጥሻ ሳይወጣ ውሎ ማታ መንቀሳቀስን የተማረው አውሮፕላን ስለሚያየው ነው። ዋሻውም ቢሆን ሁልጊዜ አላዳነም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዘረት ላይ ከአርበኛው ከተሾመ ሸንቁጥ ጋር የነበሩ ቤተሰቦች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በተጠለሉበት ዋሻ ኢፕሪት በተባለ መርዝ ጋዝ ታፍነው፣ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትም በመትረየስ ተረሸኑ። የሟቾቹ ቁጥር ከ800 በላይ ነው። የአካባቢው ሰው ይህን ሲያወራው ቢኖርም ለውጭው ዓለም የተገለጠው በ1998 ዓ.ም. ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የጣሊያን ወታደሮቹን የራሳቸውን ሰነድ ይዞ ቦታው ድረስ ሲመጣ ነው። ከሞቱት ሰዎች የልጅ ልጆች ይልቅ የገዳዩ መዝገብ የበለጠ ተደማጭነት ማግኘቱን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ የዚህ ሐተታ ክርክር ያለው እዚሁ ላይ ነው። አውሮፕላንም መርዝም የሚያደርሱት ጥፋት የሚታወቀው መዝገብ ሲኖርና መዝገቡ ሲከፈት ነው።

የቢሾፍቱ አየር ምድብ የተወለደው ከዚህ ቁስል ነው። ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤት፣ ባንክና ሠራዊት እንደገና ሲያቋቁሙ ለአየር ኃይል የሰጡት ክብደት የዚያ የ1928ቱ አቅመ ቢስነት ምላሽ ነበር። ጆን ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ ሥልጠና ጀመረ። እስከ መጨረሻውም ከኢትዮጵያ አልራቀም፤ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ሥራውን በስፋት ያደራጁት ግን ስዊድናውያን ናቸው። ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ሲያበር የኖረ ሰው ነበር፤ ከ1938 እስከ 1948 ዓ.ም. ደግሞ የአየር ኃይሉን ሥልጠና መርቷል። ሳፊር የተባሉት ትንንሽ ማሠልጠኛዎችና ሳብ-17 ቦምብ ጣዮች ቢሾፍቱ ገቡ፤ የበረራ ትምህርት ቤቱና የጥገና ክፍሉ ተተከሉ፤ ከሐይቆቹ መካከል ያለው ሜዳ የአብራሪ መፍለቂያ ሆነ።

ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ሲፈረም ሰፈሩ ሌላ ደረጃ ላይ ደረሰ። ቲ-33፣ ኤፍ-86 ሴብር፣ ቆየት ብሎም ኤፍ-5 ጀቶች መጡ። አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ወደ አሜሪካ እየተላኩ ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴብር ጀቶች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ኮንጎ ዘመቱ። በዚያው ዓመት ገና አየር ኃይል ያልነበራት ናይጄሪያ የመጀመሪያ ዕጩዎቿን ለሥልጠና ወደ ኢትዮጵያ ላከች። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የሚበር የጦር አውሮፕላን ያልነበራት አገር የሌላውን አፍሪካዊ አገር ልጆች ማስተማሯ ያኮራል፤ እኔንም ያኮራኛል። ከዚሁ ሰፈር የወጡ አብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አጠናክረዋል። ስለ ቢሾፍቱ ሲወራ ሰው ጀቱን ያስባል፤ እኔ ግን የምድቡ ትልቁ ሀብት ሁልጊዜ ሞተሩን የሚፈታውና የሚገጥመው፣ ራዳሩን የሚጠብቀው፣ ቦምቡን የሚሰቅለው፣ ፓራሹቱን የሚያጥፈው፣ ስሙ በጋዜጣ የማይወጣው ሰው ነበር እላለሁ።

ለዚህም ማስረጃው የኦጋዴን ጦርነት ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ሠራዊት ድንበር ጥሶ ሲገባ ሶማሊያ በሶቪየት ኅብረት የታጠቀ፣ በሚግ-21 እና በሚግ-17 የተሞላ አየር ኃይል ነበራት። አሜሪካ ደግሞ ለኢትዮጵያ የምትሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ በዚያው ዓመት አቋርጣለች፤ መለዋወጫ አይመጣም። የኤፍ-5ኢ ጀቶቹ ቁጥር ትንሽ ነበር። ሆኖም በራዳር እየተመሩ፣ ሥልጠናቸው ጠንቅቆ የገባቸው አብራሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሶማሊያን አየር ኃይል ከሰማይ አባረሩት። ለገሰ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴ፣ በዛብህ ጴጥሮስ፣ አሸናፊ ገብረ ጻድቅ የሚሉት ስሞች በዚያ ዘመን በየቤቱ ይጠሩ ነበር። ለገሰ ተፈራ ተመትቶ ከወደቀ በኋላ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይቶ የተፈታው ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ሲታረቁ ነው። ጎዴ ላይ ደግሞ አየር ኃይሉን ካደራጁት ሰዎች አንዱ ሞተ፦ ቮን ሮዘን ለተራበ ሕዝብ እርዳታ ለማድረስ ተመልሶ መጥቶ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ከምድር በተሰነዘረ ጥቃት ተገደለ። የሶቪየት መሣሪያ በገፍ የገባውና ሠራዊቱ በሄሊኮፕተር ከካራማራ ተራራ ጀርባ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ይህ ጦርነት የኢትዮጵያ አየር ኃይል የተመሠረተለትን ዓላማ በሙሉ ልብ የፈጸመበት ነው ብዬ አምናለሁ። ከ1928 ጀምሮ ሲጠየቅ የቆየው፣ ሰማያችንን ማን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በኦጋዴን ሰማይ ላይ ነው።

የምድቡ ሌላው ፊት ፖለቲካ ነው። ከዋና ከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ የተቀመጠ፣ ጀትና አየር ወለድ ያለው ሰፈር ከሥልጣን ጉዳይ ሊርቅ አይችልም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት የከሸፈው በአንድ በኩል አየር ኃይሉ ከምድር ጦሩ ጋር ለዘውዱ በመቆሙ ነው፤ ጀቶቹ በአዲስ አበባ ላይ በርረዋል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ግን የዚሁ ሰፈር የበታች ሹማምንትና አየርተኞች አዛዦቻቸውን አግተው የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አነሡ፤ ከነገሌ ቀጥሎ የአብዮቱ ብልጭታ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ቢሾፍቱ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. በኮሎኔል መንግሥቱ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የአየር ኃይሉን አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታን ሕይወት ከኤታ ማዦር ሹሙ ከመርዕድ ንጉሤ ጋር በመከላከያ ሚኒስቴር ሕንፃ ውስጥ አስቀረ። የቀድሞው የአየር ኃይል አዛዥ ፋንታ በላይም በእስር ላይ እያሉ ሞቱ። በዓመቱ ግንቦት 13 ቀን 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። አገሪቱ በአርባ ዓመት ያፈራችው የአመራር እውቀት በአንድ ዓመት ውስጥ ባከነ።

በዚያው ዘመን ሰሜን ሸዋ አውሮፕላንን በሌላ መልኩ አወቀችው። በ1977ቱ ረሃብ ከመኪና መንገድ የራቁት የመንዝ ተራሮች ላይ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጭነት አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ ራቤልን በመሳሰሉ ቦታዎች እህል በማዳበሪያ ጣሉ፤ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቦታ ያመላክቱ ነበር። የአርባ ዓመት ሰው ሳለ አውሮፕላን ሲያይ ወደ ዋሻ የሮጠ አርበኛ በሽምግልናው አውሮፕላን ሲያይ ልጆቹን እህል እንዲሰበስቡ ልኳል። ሰማዩ ያው ሰማይ፣ ተራራው ያው ተራራ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ከላይ ያለው ሰው ምን ይዞ፣ በማን ታዝዞ መጣ የሚለው ብቻ ነው።

ወደ ጨለማው ገጽ ልለፍ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የገበያ ቀን ነበር፤ የደርግ አውሮፕላኖች ትግራይ ውስጥ ሀውዜን ገበያን ለሰዓታት ደበደቡት። የሟቾቹ ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,500 እንደሚደርስ ሲነገር ኖሯል። እህልና በርበሬ ሊሸጥ፣ ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ የተሰማሩት አብራሪዎች በጣሊያን መርዝ የተንገበገበች አገር ዳግመኛ እንዳትደፈር ብላ ያሠለጠነቻቸው ልጆች ነበሩ። ቁስሉን ሊፈውስ የተፈጠረው እጅ ያንኑ ቁስል በወገኑ ላይ ከፈተ። ትእዛዙን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ የበረረው ማን እንደሆነ፣ እምቢ ያለ ሰው እንደነበረ ለሕዝብ የቀረበ የተሟላ መዝገብ ግን የለም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አንዳንድ አብራሪዎች አውሮፕላናቸውን ይዘው ወደ ጅቡቲ ሸሹ፣ ብዙ ባለሙያ ታሰረ፣ ተበተነ፣ ተሰደደ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከተበተኑት ብዙዎቹ ተጠርተው ተመለሱ። ቂም ሳይዙ የመጡ ናቸው፤ ይህ የባለሙያነት ጨዋነት በቂ ምስጋና አላገኘም። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በ1976 ዓ.ም. በሻዕቢያ ተማርኮ ዓመታት የታሰረ ሰው ነበር፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. አሥመራ ላይ እንደገና ተመትቶ ወደቀ፣ እስካሁንም አልተመለሰም። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአሥመራን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ኤርትራ መቀሌን ደበደቡ፤ በዓይደር ትምህርት ቤት የተጣለው ቦምብ ሕፃናትን ከነደብተራቸው ፈጀ። በዚያው ጦርነት ከሩሲያ የተገዙት ሱ-27 ጀቶች ከኤርትራ ሚግ-29 ጋር ተፋጥጠው አየሩን ለኢትዮጵያ አስጠበቁ። የጥገናው ሥራ ደጀን አቪዬሽን በተባለው የቢሾፍቱ ተቋም ሲካሄድ ቆይቶ በ2002 ዓ.ም. በተመሠረተው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ገባ።

አሁን ያለንበት ዘመን የሰው አልባው አውሮፕላን፣ የድሮን ዘመን ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ሸዋ ሮቢትን አልፈው ወደ ደብረ ሲና ሲገፉ አንኮበርና ደብረ ብርሃን ተጨነቁ። ሰው ከብቱን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ ወጣ። የትግራይ ኃይሎች ወደ ኋላ የተመለሱት በምድር ላይ በተዋጋው ሠራዊት፣ በሚሊሻውና በፋኖው ደም ነው፤ የስንቅና የተሽከርካሪ መስመራቸውን የቆረጠው ግን በአብዛኛው ከአየር የመጣው ጥቃት እንደነበረ ስለ ጦርነቱ ያጠኑ ብዙዎች ይናገራሉ። ያን ሰሞን ድሮን በሰሜን ሸዋ እንደ አዳኝ ይወደስ ነበር። ያን ውዳሴ የሚነቅፍ ሰው በኅዳር 2014 ደብረ ሲና ዳገት ላይ ያልነበረ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29፣ በገና ቀን ሌሊት፣ ትግራይ ውስጥ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በወረደ የድሮን ጥቃት ስድሳ ያህል ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በፊት ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶጎጋ ገበያ በአየር ተደብድቧል። የቀን መቁጠሪያ ያላት እናት ሁሉ ይህን ታያለች፤ ሀውዜንም ሰኔ 15 ነው፣ በ33 ዓመት ልዩነት። እኛ በሸዋ ያን ጊዜ ስለ ቶጎጋና ስለ ደደቢት በበቂ ድምፅ አልጮኽንም። ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል ሲዞር ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከዚያም በሌሎች ከተሞችና ገጠሮች ሲቪሎች በአየር ጥቃት ተገደሉ። የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሞጃና ወደራ ወረዳ ሳሲት አካባቢ፣ ከክርስትና ድግስ የሚመለሱ ሰዎችን የጫነ መኪና በድሮን ተመትቶ ብዙ ሰው መሞቱ ተዘገበ። ሳሲት ከጎረቤላ ሩቅ አይደለም። ያ መኪና ላይ የነበረ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ድሮኑን ያመሰገነ ሊሆን ይችላል።

ድሮን የቀየረው ነገር ምን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የጀት አብራሪ ይታያል፤ ይመታል፤ ይማረካል፤ እንደ ለገሰ 11 ዓመት ይታሰራል፣ እንደ በዛብህ ሳይመለስ ይቀራል። ያ አደጋ ውሳኔውን ዋጋ የሚያስከፍል ያደርገው ነበር፤ አዛዡም ከመላኩ በፊት ሁለቴ ያስባል። ድሮን የሚቆጣጠረው ሰው ግን በሰላም ወደ ሥራው ገብቶ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል፤ መሣሪያውም ቢወድቅ የሚለቀስለት ሰው የለም። በመሆኑም ትእዛዝ መስጠት ቀለለ። በዚያው ልክ ግን ድሮን ከማንኛውም የቀደመ መሣሪያ የበለጠ መዝገብ ይተዋል፤ ካሜራው ዒላማውን ከመምታቱ በፊትም በኋላም ይቀርጻል፣ ሰዓቱና ቦታው ይመዘገባል። ዘረት ዋሻ ውስጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ 67 ዓመት ፈጀ። ሳሲት ላይ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው ቅጂ ግን ከጥቃቱ ጋር አብሮ ይቀረጻል።

አየር ኃይሉ በ2016 ዓ.ም. 88ኛ ዓመቱን ሲያከብር ቢሾፍቱ ላይ ትልቅ የአየር ትርዒት ታይቷል። ሱ-30 ጀቶች ተገዝተዋል፣ አዳዲስ ድሮኖች በይፋ ታይተዋል። የአፍሪካ ቀንድ እንዲህ በታመሰበት፣ ቀይ ባሕር በጦር መርከብ በተሞላበት ዘመን ኢትዮጵያ የአየር መከላከያ አያስፈልጋትም የሚል ሰው ደሴን የረሳ ነው። እኔም ሐረር ሜዳ ይጠናከር ባዮች ወገን ነኝ። ግን ማጠናከር ሲባል ግዢ ብቻ መሆን የለበትም። ይህ ሰፈር ሁለት ጊዜ፣ በ1981ና በ1983፣ ሰዎቹን ባጣ ጊዜ አውሮፕላኖቹ ዋጋ አልነበራቸውም። የሚጠየቅና ራሱን የሚያርም አመራር የሌለው ሰፈርም በሕዝቡ ዘንድ ክብሩን ያጣል፤ ክብሩን ሲያጣ ደግሞ ምርጥ ልጆች ወደዚያ መግባት ያቆማሉ።

ሕጉ አለን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ለሕገ መንግሥቱ ታማኝና ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲሠራ ይደነግጋል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ የመከላከያና የጸጥታ ኃይሎች ሰብዓዊ መብትን የሚነካ ድርጊት ሲፈጽሙ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ በግልጽ ያዛል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የጄኔቭ ስምምነቶችን ሁለት ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ተቀብላለች፤ ሁለተኛው ፕሮቶኮል በአገር ውስጥ ጦርነትም ቢሆን ሲቪሎች የጥቃት ዒላማ እንዳይሆኑ ይከለክላል። እንግዲህ የጎደለው አንቀጽ አይደለም።

ምክር ቤቱ ከሀውዜን እስከ ሳሲት ያሉትን የአየር ጥቃቶች የሚመረምር ቋሚ ኮሚቴ ያቋቁም፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የበረራና የቅጂ መዝገቡን የማየት ሥልጣን ይሰጠው። ለእያንዳንዱ ጥቃት ቀኑ፣ ቦታው፣ ዒላማ ተብሎ የተመዘገበው ነገርና የሞቱት ሰዎች ስም ይጻፍ። ወታደራዊ ምስጢር የሆነው በጥበቃ ይያዝ፤ የሟች ስም ግን ወታደራዊ ምስጢር አይደለም። በስህተት የተመታ ቤተሰብ ካሣ የሚጠይቅበት ቢሮ በዞን ደረጃ ይከፈትለት፤ የጎረቤላ ወይም የሳሲት ሰው አቤቱታውን ለማቅረብ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለበትም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ተቀባይ ይኑረው። ጉዳዩ በፍርድ ቤት የሚታይ ሲሆንም ትእዛዝ ሰጪው እንጂ ትእዛዝ ተቀባዩ ብቻ አይቅረብ። የቢሾፍቱ የበረራ ትምህርት ቤትም ከኤሮዳይናሚክስና ከሞተር ትምህርቱ ጎን የዘረትን፣ የሀውዜንን፣ የዓይደርን፣ የደደቢትንና የሳሲትን ታሪክ ለእያንዳንዱ ዕጩ አብራሪና ድሮን ተቆጣጣሪ ያስተምር፤ ፈተናም ይፈትንበት።